ጃንሆይ ያደሩበት ክፍል

በአገራችን አንድ ሆቴል ካረጀ ጃንሆይ አድረውበታል። በየከተማው የሚወራውን ብንደምረው፣ ሰውየው ቤተ መንግሥታቸው አንድም ሌሊት የተኙ አይመስልም።

ለዓመት እረፍቴ የሄድኩበት የሐይቅ ዳር ሆቴልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ ይቅር። በ1967 ደርግ ከወረሳቸው መሃል ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤት ሦስት ጊዜ ቀይሯል፤ መጋረጃ ግን አንድም ጊዜ።

እንግዳ ተቀባይዋ ቁልፍ ሰጠችኝ። የታሰረበት እንጨት ዘነዘና ያክላል።

«እንዳይጠፋ ነው» አለች።

«ሊፍቱስ?»

«ድሮ ይሠራ ነበር።»

ዘነዘናዬን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

መታጠቢያ ቤቱ እብነ በረድ ነው። ገንዳው ሁለት ሰው ያስተኛል። መሃሉ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ ደግሞ እጀታው የተሰበረ ጆግ ተቀምጧል። ቧንቧውን ስከፍተው ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ። ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ተባልኩ።

ራት ላይ ያስተናገዱኝ ፓፒዮን ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ሜኑው የቆዳ ሽፋን አለው፤ ክብደቱ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው።

«ጋሼ፣ ዓሣ ጉላሽ ይኖራል?» ሐይቁ ከመስኮቱ ስር ነው።

«ዓሣው ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሁሉም አለ» አሉ ቅር ብሏቸው። «ለዛሬ ግን ፍርፍር ይሻላል።»

ፍርፍሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር። እየበላሁ የየትኛው ክፍል እንግዳ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«የጃንሆይ ክፍል እኮ ነው!»

ኮራሁ፤ አልዋሽም። ያን ሌሊት ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ። ቧንቧውን ግን ሳልዘጋው ኖሯል። ውሃው እንደተባለው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። በዚያ ሆቴል ሰዓቱን ያከበረ እሱ ብቻ ነው። የገንዳው መውረጃ ደግሞ ተደፍኗል። ስነቃ ነጠላ ጫማዬ ተንሳፎ በሩ ጋ ደርሷል።

ጠዋት ሂሳብ መጣ። አልጋ 2,400 ብር። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በድምሩ 3,036 ብር።

«እህቴ፣ ሰርቪስ ቻርጁ የምኑ ነው? የባልዲው?»

ልጅቱ አልሳቀችም። ከፎቅ የወረደችው የጽዳት ሠራተኛ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አለቻት።

«ጌታዬ፣ ምንጣፉን አርሰውታል እንዴ?» አለችኝ ካልኩሌተሯን መልሳ እያነሳች። «የጃንሆይ ምንጣፍ እኮ ነው!»