የገጠር ካርድና የከተማ ንቀት

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተንታኝ የገጠሩን መራጭ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅልለው አስቀመጡት። ገጠሩ በብዛት ወጥቶ የሚመርጠው ስላልተማረ ነው፤ ድምፁንም የሚሰጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ለነገረው ነው አሉ። ከተሜው ግን አመዛዝኖ ይመርጣል። አወያዩ ራሱን ነቅንቆ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኔ ቴሌቪዥኑን ዘግቼም አልበረደልኝም።

እስቲ ከዚህ «አመዛዛኝ ከተሜ» እንጀምር። አዲስ አበባ በ1997 ሃያ ሦስቱንም የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠች። በ2007 ሃያ ሦስቱም ለኢሕአዴግ ሆኑ። ያው ከተማ ነው። እንዲያውም በመሃል የተማረው ሰው በዝቷል። ታዲያ ከተሜው በ10 ዓመት ውስጥ ማመዛዘን ጠፋበት? ማንም እንዲህ አይልም። ስለ ከተማ ሲሆን «ምኅዳሩ ስለጠበበ ነው» እንላለን። ስለ ገጠር ሲሆን «ስላልተማረ ነው»። ምኅዳር የሚጠበው አስፋልት ላይ ብቻ ነው እንዴ?

አሁን ወደ ገጠር እንሂድ። ቅንጅት በ1997 ያገኘው 109 ወንበር ነው። የአዲስ አበባን 23 ቀንሱ። 86 ይቀራል። ሌሎቹ ተቃዋሚዎች፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 አገኙ። ይህ ይፋዊው ውጤት ነው፤ ያውም ተቃዋሚዎቹ «ተሰረቅን» እያሉ። እነዚህ ወንበሮች ከየት መጡ? ጥቂቱ ከክልል ከተሞች ይሆናል። የቀረውን የሰጠው ገበሬው ነው። ማንበብ የማይችለው አርሶ አደር የኢሕአዴግን ንብ አልፎ የቅንጅት ሁለት ጣት ላይ ምልክቱን አደረገ። የኢሕአዴግ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት በረከት ስምዖን ድጋሚ ምርጫ ተደርጎ እስኪያሸንፉ ድረስ ወሎ ገጠር፣ ቡግና ላይ ተሸንፈው ነበር። ቡግና ቦሌ አይደለም!

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ልጠይቅ። በ1989 አማራ ክልል ውስጥ መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራሲ»፣ «ፊውዳል» የተባለው ገበሬ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። «ቢሮክራሲ» ከተባሉት ብዙዎቹ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ውስጥ ትንሽ ኃላፊነት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ቢሮ የሚባል ነገር ገብተው የማያውቁ ሁሉ ነበሩባቸው። ልጆቻቸው እያዩ እርሻቸው ለጎረቤት ተሰጠ። ይህን ቂም 8 ዓመት በሆዳቸው ይዘው ቆዩ። ነፃ የሚመስል ኮሮጆ ሲያገኙ አወጡት። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ማመዛዘን ነው የሚፈለገው? ከተሜው በክርክር ሞቅታ መርጦ ይሆናል። ገበሬው የመረጠው በማሳው ሒሳብ ነው።

መንግሥትም ይህን ከተንታኞቻችን ቀድሞ ገባው። ከዚያ በኋላ የመጣው ምን ነበር? የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው እንዲሰፋ ተደረገ። ነዋሪውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው «አንድ ለአምስት» መጣ። ማዳበሪያ፣ ሴፍቲኔት፣ የመሬት ደብተር፣ ሁሉም በቀበሌ በኩል ያልፋል። «ካርድ አወጣህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰውና የማዳበሪያ ስም ዝርዝር የያዘው ሰው አንድ ነው። እኔና እርስዎ ምርጫ ቀን ቤታችን ተኝተን ብንውል የሚያውቅብን የለም። ገበሬው ቢቀር ማታውኑ ይታወቃል። የገጠር ወረፋ የሚረዝመው በዚህ ነው። ስለ ትምህርት ደረጃ ምንም አይናገርም።

እርግጥ ባሏ ያለውን ምልክት ይዛ የምትወጣ ሚስት አለች። ይህ ከተማ ውስጥ የለም የሚል ካለ ግን ጎረቤቱን አያውቅም።

ደግሞስ «ገጠር» ሲሉ የትኛውን ነው? በ1989 የተወለደው ልጅ ዛሬ አግብቶ ወልዷል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድልድል ስላልነበረ ብዙው መሬት የለውም። ካባቱ ማሳ ጥግ ይቆርሳል፣ ወይ ለእኩል ያርሳል፣ ወይ ዓረብ አገር ይሄዳል። አባቱ ደብተሩን ላለመነጠቅ ይመርጣል። ልጁ የሚነጠቀው ነገር የለውም። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ሁለት ዓይነት መራጭ ናቸው። ተንታኙ ግን ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ከተቷቸው።

እንዴት አይከቱ? የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይላል። በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት፤ በዚያው ቀረ። ምርጫ ክልሎቹም ያው 547 እንደሆኑ አሉ። በየወረዳው ስንት መሬት አልባ ወጣት እንዳለ፣ ስንቱ እንደተሰደደ የሚያሳይ አዲስ አገራዊ ቆጠራ በሌለበት ስለ ገጠር መራጭ ጠባይ በስቱዲዮ ወንበር ላይ ሆኖ ፍርድ ይሰጣል። ያም አልበቃ ብሎ፣ ያልተማረው እሱ ነው ይባላል።