የተመራቂዎችን ጥናት ማሳጠር የማንን ጥፋት ለመሸፈን ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደ የትምህርት ጥራት ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ፣ የተመራቂ ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ከሁለት ሴሚስተር ወደ ጥቂት ሳምንታት እንዲያጥር መወሰኑን ሲያስረዱ ሦስት ምክንያት አቀረቡ። ተማሪዎቹ ለመውጫ ፈተና መዘጋጃ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ቤተ ሙከራው በቂ አይደለም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጥራዝ ገልብጦ ስለሚያመጣ ምርምር ለሁለተኛ ዲግሪ ቢቆይ የሚጎድል ነገር የለም። በአዳራሹ የነበሩት መምህራን አብዛኞቹ ዝም አሉ። ለዓመታት የተማሪዎችን ጥናት እንዳማከረ ሰው እኔ ዝም ማለት አልችልም።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳፍረው እርሱ ነውና። የሚገለብጥ ተማሪ አለ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ርዕሱን ሳይፈትሽ ያጸደቀው ማን ነው? ተማሪው ጥናቱን አቅርቦ በሚከላከልበት በዲፌንስ ቀን የሙከራ መዝገቡን አምጣ ሳይል ውጤት የሰጠው ገምጋሚ ከየት መጣ? አንዱን አማካሪ መቁጠር እስኪያቅተው ድረስ የተማሪ ቡድን ያሸከመውስ ማን ነው? ይህን ሁሉ ትቶ ተማሪውን መቅጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኩረጃ ሲታመስ መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ፈተናቸው እንጂ ፈተናውን አላስቀረም። ኩረጃ ሲበዛ ቁጥጥሩ ይጠናከራል፤ የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ቤተ ሙከራው በቂ አይደለም ለሚለው መልሱ እዚሁ እግራችን ሥር አለ። ከደነባ እስከ እነዋሪ የጅሩን ሜዳ ያየ ሁሉ መረሬውን፣ ጥቁሩን ሸክላማ አፈር፣ ያውቀዋል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለገበሬው ሀብት ነው። ለመንገድና ለቤት መሠረት ግን ጠንቅ ነው፤ በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውኃ በገባው ቁጥር እየሰፋ፣ በደረቀ ቁጥር እየጠበበ በላዩ ያረፈውን ሁሉ ያነሣል፣ ይጥላል። አንድ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ይህ አፈር ምን ያህል እንደሚያብጥ ለማወቅ የሚያስፈልገው 0.425 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ማድረቂያ ምድጃና 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ ብርጭቆ ነው። ከደረቀውና ከተነፋው አፈር 10 ሚሊ ሊትር ለክቶ ውኃ ወዳለበት መስፈሪያ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ 24 ሰዓት ይጠብቃል፤ በማግሥቱ አፈሩ የደረሰበትን መስመር ያነባል። 20 ላይ ከደረሰ መቶ በመቶ አብጧል ማለት ነው። ይህን እንኳ ማሠራት የማይችል የምህንድስና ትምህርት ክፍል ካለ ማሳጠር ያለበት ጥናቱን አይደለም፤ በሩን መዝጋት አለበት።

ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ተማሪው ከሌላ ጥልቀት ናሙና ሲወስድ ሌላ ቁጥር ያገኛል። እብጠቱን ለመቀነስ አፈሩን ከኖራ ጋር በ2፣ በ4 እና በ6 በመቶ ቀላቅሎ ሲሞክር የ4ቱ እብጠት ከ2ቱ በልጦ ቢያገኘው፣ ይህ የአፈሩ ጠባይ ነው ወይስ የእኔ አቀላቀል ጉድለት እያለ ይጨነቃል። አማካሪው ዘንድ ይሄዳል፤ አማካሪውም መልሱን አያውቀውም። በአምስት ዓመት ትምህርቱ መምህሩ ራሱ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲገጥመው ምናልባት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መሐንዲስ ሆኖ ሲሰማራ ግን በየቀኑ የሚገጥመው እንዲህ ያለ ጥያቄ ብቻ ነው። ያኔ ተመልሶ ይለካል፣ ይደግማል፣ ስህተቱን ያገኘዋል ወይም አላገኘሁትም ብሎ በጽሑፉ ውስጥ በሐቅ ያሰፍረዋል። የአፈርን የመሸከም አቅም የሚለካው የሲ ቢ አር ሙከራ ደግሞ ናሙናውን ለ4 ቀን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይጠይቃል፤ አንዱ ከተበላሸ ሌላ 4 ቀን ይጠበቃል። ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንት ጨርስ ማለት ቁጥር ፈጥረህ አምጣ ብሎ ማዘዝ ነው። ግልበጣን እንጠላለን ያሉት ኃላፊ ግልበጣን ግዴታ የሚያደርግ የጊዜ ሰሌዳ አጸደቁ!

ርዕስ የጠፋበት አገር ላይም አይደለንም። በጣርማ በርና በደብረ ሲና አካባቢ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚንሸራተተው ተዳፋት፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የበሬሳ ወንዝ የሚሸከመው ፍሳሽ፣ የመንዝ በግ ሱፍ አጠባና አፈታተል፣ ሁሉም የሚለካቸው ወጣት ይጠብቃሉ።

የመውጫ ፈተናን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተማሪው 50 በመቶ አምጥቶ እንዲያልፍ መርዳት ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቀረቡለት አማራጮች ትክክለኛውን መምረጥና ማንም ያላቀረበለትን ጥያቄ ራሱ አንሥቶ መመለስ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊተካው አይችልም፤ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ጊዜም ከአንድ ሴሚስተር ቅዳሜዎች ይገኛል። ምርምር ለሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ የሚሉትም የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹን ከመምህራን ጋር በምርምር የሚያሰማራበትን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሩን ሊያውቁ ይገባል። እኛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለወጣቶቻችን ገና ናችሁ የምንለው በምን መብት ነው?

ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ውሳኔውን ይሻር። ሁለቱ ሴሚስተሮች ይመለሱ፤ ለአንድ አማካሪ የሚሰጠው የቡድን ብዛት ጣሪያ ይበጅለት፤ ገምጋሚዎች የሙከራ መዝገቡን ሳያዩ ውጤት እንዳይሰጡ በጽሑፍ ይታገዱ። የዞኑና የወረዳዎቹ የመንገድ ጽሕፈት ቤቶችም በየዓመቱ የሚቸገሩባቸውን ጥያቄዎች መስከረም ላይ ለተመራቂዎች ይላኩ፤ ተማሪዎቹ ናሙናውን ከየቀበሌው ቆፍረው ለማምጣት ዝግጁ ናቸው።