ደግነታችን ዕውቀት ይጎድለዋል

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ሆይ፣ የወደቀን ሰው ለማንሣት የሚቀድመን የለም። በሐረጎ ጠመዝማዛ መኪና ሲገለበጥም ሆነ በፒያሳ ባጃጅ ሰው ሲገጭ ከየሱቁ ወጥተን እንከባለን፣ ጋቢያችንን እናነጥፋለን። ነገር ግን የተጎዳውን አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ይዞ እንደ ጆንያ ባጃጅ ውስጥ ስንከተው፣ አከርካሪው ተጎድቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ከመካከላችን አይገኝም። የምወቅሳችሁ ራሴንም ጨምሬ ነው፤ የምለምናችሁም የመጀመሪያ ርዳታን በየትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን እናስተምር ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን በአንድ ትምህርት ቤት ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ቆሜ ሳለ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚጥል በሽታዋ ተነሥቶባት ወደቀች። እኛ ዐዋቂዎቹ ሮጠን እጅና እግሯን ጨምድደን ያዝን፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር አጤሰ፤ ሌላው ምላሷን እንዳትነክስ ብሎ ማንኪያ በጥርሶቿ መካከል ሰደደ። የፊት ጥርሷ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ቀኝ እጇን የያዝሁት እኔ ነበርሁና። ከእኛ ይጠበቅ የነበረው በዙሪያዋ ያለውን ድንጋይ ማራቅ፣ ሹራብ አጣጥፎ ከራሷ ሥር ማድረግ፣ ሰዓት መመልከት፣ መንፈራገጡ ሲያቆምም በጎኗ ማስተኛት ነበር፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ። በሰልፍ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ እኛን እያዩ ነበር፤ ነገ ጓደኛቸው ቢወድቅ የሚያደርጉት ያንኑ ያዩትን ነው።

ስለ ከሰልም ልናገር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የብርድ ከተማ ናትና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የከሰል ማንደጃ አስገብተን በርና መስኮት ዘግተን እንተኛለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን የምግብ ጉዳት ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ራሱን የሳተውን ሰው ደግሞ ወተት እንግተዋለን፤ ወተቱም ወደ ሳንባው ይገባል። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ የታመመውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና 907 ብሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የማይችለው ነገር አይደለም፤ የነገረው ስለሌለ ነው እንጂ። የፈላ ውሃ ያቃጠለውንም ልጅ የጥርስ ሳሙና እየቀባን ከምናሳርረው፣ ቁስሉን 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆየት ይበቃን ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመታ። ያንን ቀን ያየች ከተማ ልጆች ቁስል ማሰር ሳያውቁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ አለማፈራችን ያሳዝነኛል።

ጊዜ የለም አትበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የደገፈው ሐሳብ ተማሪዎች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በዓመት 2 ሰዓት ብቻ ልብ የቆመበትን ሰው መርዳት እንዲማሩ ነው። መሣሪያ የለም አትበሉ። ልቡ የቆመበትን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መጫንን ለመለማመድ ጠጠር ብሎ የተሞላ ትራስ ለጀማሪ ያገለግላል፤ የሚደማን ቁስል አጥብቆ ለመያዝም ንጹሕ ነጠላ ይበቃል።

ገንዘብ የለም ለምትሉም፣ ቅሬዎቻችን፣ ማለትም ዕድሮቻችን፣ አሉ። ለቀብር ድንኳንና ወንበር በየወሩ ሳናጓድል እናዋጣለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አይታማም። ከዚያው መዋጮ ለየሰፈራችን ትምህርት ቤት የፋሻና የጓንት ሣጥን መግዛት፣ ለቀይ መስቀል አሠልጣኝም የትራንስፖርት መሸፈን የቅሬውን ዳኛ የሚያስቸግር ወጪ አይሆንም። እናንተም መምህራን፣ የጤና ክበቡን በሰልፍ ላይ ግጥም ከማስነበብ አልፋችሁ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ፋሻ እየጠቀለሉ እንዲለማመዱ አድርጉ። ወላጆች ደግሞ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ውጤት ካርዱ ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁን አውጡና፣ በዚህ ግቢ ልጄ ቢወድቅ ማን ምን ያደርግለታል ብላችሁ ርእሰ መምህሩን ጠይቁ፤ መልሱ በቃለ ጉባኤ እስኪሰፍር ድረስም አትነሡ።