ቆይ፣ መዞሩን ማን ነገረህ?

አንድ የጥንታዊ ሳንቲም ነጋዴ የተናገረው ነገር ሰሞኑን ሲከነክነኝ ሰነበተ። አሜሪካ ከግሪክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈራረመችው፣ የግሪክ ቅርስ ያለ ፈቃድ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው ስምምነት ሳንቲምን መንካት አልነበረበትም ይላል። ሐውልት ይከልከል፣ የሸክላ ዕቃም ይከልከል፤ ሳንቲም ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ነው። ጉጉት የተቀረጸችበት የጥንቷ አቴንስ ሳንቲም ግብፅም ሶሪያም ይገኛል። ስለዚህ የማንም አገር ቅርስ አይደለም።

መዞሩን ማን ነገረህ? ጉጉቷ ናት? ሳንቲሙ ላይ ከጉጉቷ አጠገብ የተጻፈው የከተማዋ ስም አጭር ፊደላት ብቻ ነው። ግብፅ መድረሷን ያወቅነው ከመሬት የወጣችበትን ቦታ ያስታወሰ ወይም የመዘገበ ሰው ስለነበረ ነው። ነጋዴው የሚመካበት ማስረጃ ራሱ የመጣው፣ የእሱ ገበያ በየቀኑ ከሚያጠፋው መረጃ ነው።

የሌላዋን የግሪክ ከተማ፣ የቆሮንቶስን የብር ሳንቲም እንይ። በአንድ ፊቱ ፔጋሶስ፣ ክንፋሙ ፈረስ። በሌላው የራስ ቁር ያጠለቀችው አምላክ አቴና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ344 ገደማ ቆሮንቶስ ቲሞሌዎን የሚባል አዛዥ ዛሬ የጣሊያን ወደሆነችው ደሴት፣ ወደ ሲሲሊ ላከች። ሰዎቿ እዚያ የመሠረቷትን የሲራኩስን ከተማ ከአምባገነኖች እንዲያላቅቅ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ሲሲሊ ውስጥ የተቀበሩት የሳንቲም ክምችቶች በእነዚህ ፈረሶች የተሞሉ ናቸው። የወታደር ደመወዝ ነው? የስንዴ ዋጋ ነው? አዲስ ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡት ነው? ይከራከሩበት። መከራከር የተቻለው ግን ሳንቲሞቹ ሲሲሊ ውስጥ መገኘታቸው ስለታወቀ ነው። ያንኑ ብር በፌስታል ጠቅልሎ ድንበር ያሻገረ ሰው ቢሸጠው ኖሮ የጨረታው ካታሎግ ምን ይል ነበር? «ቆሮንቶስ፣ ብር፣ 8.6 ግራም፣ ጥሩ ይዞታ»። አለቀ። ቲሞሌዎንም የለ፣ ሲሲሊም የለ።

አንዳንዷ የአቴንስ ጉጉት ደግሞ ጀርባዋ ላይ በመሮ የተመታ ጥልቅ ስንጥቅ አለባት። ከአቴንስ ርቆ የሚኖር፣ ማኅተሙን ያላመነ ሰው ነው የሰነጠቃት፤ ውስጡ መዳብ እንዳይሆን ሊያጣራ። ለእኔ ከጉጉቷ ይልቅ ስንጥቁ ይበልጥብኛል። ለነጋዴው ግን እንከን ነው፤ ዋጋ ይቀንስበታል!

እ.ኤ.አ. በ1984 ቱርክ ውስጥ፣ ኤልማሊ አጠገብ፣ 1,900 የሚጠጉ የብር ሳንቲሞች በድብቅ ተቆፍረው ወጡ። 14ቱ ዴካድራክማ የሚባሉት የአቴንስ ትልልቅ ባለ ዐሥር ድራክማ ሳንቲሞች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 43 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ብርቅዬዎች። ተሸጡ፣ አሜሪካ ገቡ። ቱርክ ዓመታት ተሟግታ አብዛኞቹን በ1999 አስመለሰች። ሀብታም የሚያስብለው ይህ ሁሉ ብር እዚያ ምን ይሠራ ነበር? የማን ነበር? ጉድጓዱን የቆፈሩት ሰዎች እንደሆነ ማስታወሻ አልያዙም።

ሰብሳቢዎች ጥሩ ጥሩ ካታሎግ ማዘጋጀታቸውን አልክድም። ይኼ ግን ለዝርፊያ ፈቃድ አይሆንም።

የእኛዎቹ የአክሱም ነገሥታትም የወርቅ ሳንቲማቸውን በግሪክኛ አስቀርጸዋል። ከሮም ወርቅ ጋር ተቀላቅሎ የመን ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ አለ። በነጋዴው ስሌት ከሄድን ይኼም ባለቤት የለውም። ዞሯላ!

ነጋዴዎቹ ዕውቀት አጥተው እንዳይመስላችሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሮማዊው ብሩተስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ ያስቀረጸው የወርቅ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። የባለቤትነት ታሪኩ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ፤ በ2023 ሳንቲሙ ለግሪክ ተመለሰ። እዚህ አዲስ አበባ ያገለገለ ቪትዝ የሚገዛ ሰው እንኳ ሊብሬ አሳየኝ ይላል። እነሱ ዘንድ «ከድሮ የስዊዘርላንድ ስብስብ» የምትል አንድ መስመር ከበቃች፣ ስምምነቱ ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባም።