ናፍቆትና አውራ ጣት

የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን በቡሬና በወምበርማ ገጠር በትራክተር እየተጎተተ ከግቢ ግቢ መዞር ከጀመረ ወዲህ «ደቦው ቀረ፣ ፍቅሩ ጠፋ» የሚል ሰው በዝቷል። እስቲ እጁን እዩት። አውራ ጣቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው።

በእጅ ሲፈለፈል መጀመሪያ በወስፌ ወይም በቢላ ጫፍ አንድ ሁለት ረድፍ ይነቀላል። በሩ ከተከፈተ በኋላ የቀረውን አውራ ጣት እየገፋ ያረግፈዋል። ጣት ሲላጥ የተራቆተ ቆረቆንዳ ይነሣና በእሱ ይፈገፈጋል። ይህ የእናትና የልጆች ሥራ ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ሳያስቀምጥ ሰፌድ ይቀርብለታል። አባወራውስ? ዳር ተቀምጦ ፍሬ እንዳይፈናጠር ይቆጣጠራል። «ያቻት፣ ተፈናጠረች!» ይላል። ዶሮዋ ግን ቀድማው ውጣታለች።

ምርቱ ሲበዛ ዱላ ይመጣል። በቆሎው ጆንያ ውስጥ ይከተትና ይደበደባል። ይህን ወንዶች ይወዱታል፤ ድምፅ አለው፣ ላብ አለው፣ ጠላ ያስጠይቃል። ዱላ የሰበረውን ፍሬ ነቀዝ ይወርሰዋል እንጂ ማን ይጠየቃል? የዘር በቆሎ ግን ዱላ አይነካውም። ከነሽፋኑ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ ይከርምና በእጅ ይፈለፈላል። በማን እጅ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ደቦውም ቢሆን ሰው የማይቀረው በፍቅር ብቻ አልነበረም። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ የሚወራው እዚያው ነው። የቀረ ሰው ከበቆሎው ቀድሞ ይፈለፈላል። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ወገቡን እያመመውም ቢሆን ይመጣል።

ማሽኑን ያመጣው ምርቱ ነው። በ1980ዎቹ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለ ዲቃላ የበቆሎ ዘር ከዳፕና ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር ሲገናኝ ጎተራው አልበቃ አለ። ዘሩ ተዳቀለ፤ አውራ ጣት ግን ያው የድሮው ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ ላይ ኮምባይነር ሲነግሥ፣ ለበቆሎ ደግሞ ይህ አቧራ የሚተፋ መፈልፈያ ደረሰለት። ሂሳቡን በኩንታል ይቀበላል፣ ወሬ አይጠይቅም፣ ጠላ አይልም። አባወራው አሁንም ዳር አለ፤ በሞተሩ ጩኸት ለማይሰማው ኦፕሬተር «ቀስ! ቀስ!» እያለ መመሪያ ይሰጣል።

ናፋቂው ዘመድ ለገና ከባሕር ዳር ይመጣል። ቡናውን ፉት እያለ «እትዬ፣ ያ ደቦ አይናፍቅዎትም?» ይላል።

«እንዴት አይናፍቀኝ ልጄ!» ይሉና ማሽን ያልነካው አንድ ጆንያ በቆሎ ጎትተው ፊቱ ያስቀምጡለታል። ወስፌም ያቀብሉታል።

ወዲያው ስልኩ ይጠራል።