አይቶ እንዳላየ ላለፈው ጀግና

ኮድ ለጻፈ ይጨበጨባል። የደህንነት ቀዳዳ ላገኘ ገንዘብ ይከፈላል። መመሪያ እያነበበ የተሳሳተች ፊደል አይቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወደ ታች ለሚወርደው ሰው ግን እስካሁን አንድም ምስጋና አልቀረበለትም። ይሄ ግፍ ነው። ዛሬ እኔ አመሰግነዋለሁ።

የማወራው ስለ ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ማንም ሊያርመው ስለሚችል ማንም ስለማያርመው ሶፍትዌር።

ማረሙ ከባድ ቢሆን ኖሮ አለማረም ምን ጀግንነት አለው? እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚቀመጥበት ጊትሃብ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ፋይሉን ትከፍታላችሁ። የእርሳስ ምልክቷን ትጫናላችሁ። ፊደሏን ታስተካክላላችሁ። ምን እንዳስተካከላችሁ አንድ መስመር ጽፋችሁ ለባለቤቶቹ ትልካላችሁ። የራሳችሁን ቅጂ እንኳ እሱው ያዘጋጅላችኋል። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ለዓመታት ሳይሠሩ መቆየት ጽናት ይጠይቃል።

እኔ ራሴ በዚህ ሙያ ጀማሪ አይደለሁም። አንድ ቀን አንድ ፕሮግራም ልጭን የመጫኛ መመሪያውን ከፈትኩ። ትዕዛዟን ኮፒ አደረግኩ። ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚቀበለው ተርሚናል ላይ ፔስት አደረግኩ። አላውቃትም አለኝ። ደገምኩ። አላውቃትም። ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አራግፌ እንደገና ጫንኩ፤ ፓይተን በዚህ ጉዳይ ምን እንዳጠፋ እስከዛሬ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከታገልኩ በኋላ፣ ተስፋ ቆርጬ ትዕዛዟን በእጄ ስጽፋት ሠራች።

ጉዱ ያለው ሰረዟ ላይ ነበር። ሁለት አጫጭር ሰረዞች መሆን ነበረባቸው። መመሪያው የተጻፈበት ሶፍትዌር ጽሑፍ አሳምራለሁ ብሎ ሁለቱን አጣብቆ አንድ ረጅም ሰረዝ አድርጓቸዋል። ለዓይን ያምራል። ለተርሚናሉ ግን ትርጉም የለውም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ኮምፒውተሬ ላይ «እንዳትረሳ» የሚል ፋይል ከፈትኩና ትክክለኛዋን ትዕዛዝ ጻፍኳት። ለራሴ። መመሪያውን እንዳለ ዘግቼው ወጣሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው የራሱን ሁለት ሰዓት ለምን ይነፈጋል? አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። እኛ ከእሷ እንሻላለን። እስክንሞት አንጠብቅም።

የጥበቡ ርቀት የሚገባችሁ ግን ስህተቱን ማን ማየት እንደሚችል ስታስቡ ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤቶች አያዩትም። እነሱ ፕሮግራሙን የጫኑት ድሮ ነው፤ የራሳቸውን መመሪያ ከአንድ እስከ አሥር ተከትለው የሚጭኑበት ቀን የለም። የቆየ ተጠቃሚም አያየውም፣ ዓይኑ ለምዷል። የሚያየው አዲስ ገቢው ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን። በሳምንቱ ትዕዛዟን በቃሉ ይወጣታል፣ መመሪያውንም አይከፍትም። እንግዲህ ስህተቱ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ጠላት ብቻ አለው፤ ያ ጠላት ደግሞ «እኔ ገና አዲስ ነኝ፣ ምን አውቄ ነው» ብሎ ያልፋል። ኢንጂነር ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክር፣ ስህተትን ከዚህ በተሻለ የሚጠብቅ ሥርዓት አይሠራም።

ምክንያታችንም የበሰለ ነው። አንዱ ትሑት ነው። «እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ አይደለም፣ ምናልባት እንዲህም ይጻፍ ይሆናል» ይላል። ስክሪንሾት አንስቶ ለጓደኞቹ ልኮ ለመሳቅ ሲሆን ግን እንግሊዝኛው ድንገት ይበቃዋል። ሌላው አዛኝ ነው። ትልልቅ ሰዎችን በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ማስቸገር አይሆንለትም። ሦስተኛው «እስካሁን አንድ ሰው ልኮት ይሆናል» የሚለው ነው። እሱ የሁላችንም አባት ነው። ያ «አንድ ሰው» የሚሉት ሰውዬ መቼም ሥራው በዝቷል።

«ቲሸርት ፈላጊ እንዳይሉኝ» የሚልም አለ። ለዚህኛውስ ታሪክም ይመሰክርለታል። ሃክቶበርፌስት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ፣ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የሚካሄድ ዝግጅት አለ። ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች የተወሰነ ቁጥር ያለው ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 ቲሸርት ያማረው ሁሉ ተነሳ። የማያውቀው ሰው ሪድሚ የሚባለው የፕሮጀክት መግለጫ ውስጥ እየገባ «ድንቅ ፕሮጀክት» የሚል ቃል ሰክቶ መላክ ሆነ ሥራው። ባለቤቶቹ ሲዘጉ ዋሉ፣ ሲዘጉ አደሩ። ወሩ በተጀመረ በቀናት ውስጥ አዘጋጆቹ ሕጉን ቀየሩና ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ላይ የተሠራ ብቻ ይቆጠር አሉ። ያን ሰሞን እኛ አላፊዎች ምን ያህል እንደኮራን! ደግሞ ልብ በሉ፣ «ድንቅ» ብሎ የሰካው ሰው ከአጠገቡ ያለችውን የተጣመመች ቃል አልነካትም። በልቡ ከእኛው ወገን ነበር።

የታለፈ ስህተት ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነው፤ በቆየ ቁጥር ይከበራል። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ኤችቲቲፒን፣ የሚገልጸውን በ1996 የወጣ ሰነድ ተመልከቱ። አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ከየትኛው ገጽ ተነስታችሁ እንደመጣችሁ የሚናገር «ሪፈረር» የሚባል መስመር አለ። በእንግሊዝኛው መሃሉ ላይ «አር» ሁለቴ መጻፍ ነበረባት። አንዴ ተጻፈች። አሁን ማን ያርማታል? ብራውዘሩም ሰርቨሩም በስህተቷ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ያረማት ሰው ነው ሥራ የሚያበላሸው። ከዓመታት በኋላ «ሪፈረር ፖሊሲ» የሚባል ዘመዷ ሲመጣ በትክክል ተጻፈ። ስለዚህ ዛሬ ትክክለኛውና ስህተቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ ፕሮግራመሩም የቱ ላይ ስንት «አር» እንዳለ ሲያስታውስ ይኖራል። ዩኒክስ የሚባለውን አንጋፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ከፈጠሩት አንዱ ኬን ቶምፕሰንም፣ ሥርዓቱን እንደገና ብትሠራው ምን ትቀይራለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፋይል የምትፈጥረው ትዕዛዝ ስም መጨረሻ ላይ የጎደለችውን «ኢ» እጨምርላት ነበር ብሏል ይባላል። ከዚያ ሁሉ ሥራ የቆጨችው አንዲት ፊደል ናት።

«ትንሽ ስህተት ማንን ትጎዳለች?» ለሚሉ ወንድሞቼና እህቶቼ የ2011ዱን ባምብልቢን አቀርባለሁ። ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድን የሚያስተዳድር ፕሮጀክት ነው። የመጫኛ ስክሪፕቱ «ዩኤስአር» ከሚባለው ዋና ፎልደር ሥር አንዲት ትንሽ ፎልደር እንዲያጠፋ ነበር የተጻፈው። አድራሻዋ መሃል ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ገባች። ኮምፒውተሩ አንዱን አድራሻ ሁለት አድርጎ አነበበውና ዋናውን ፎልደር ከነልጆቹ ጠረገው። አብዛኛው ፕሮግራም የሚኖረው እዚያ ነው። ከታረመ በኋላ ግን ማን ቀረ! የማያውቀው ሁሉ እየመጣ በእርማቱ ሥር ቀልድና ሥዕል ደረደረ። ለማረም ጊዜ የለንም እንጂ ለመሳቅስ መቼ ጠፍተን እናውቃለን?

ሙያችንን የሚያሰድቡም አልጠፉም። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር በ2024 ወደ አንድ ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ በሚገቡበት መንገድ፣ በኤስኤስኤች፣ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ጤነኛ ሰው ቡናውን ይጠጣል። እሱ ለምን ብሎ ቆፈረ። ቆፍሮ ቆፍሮ፣ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ መግቢያ፣ አገኘ። ከዚያ ሰው ሁሉ ፋይሎቹን ሲያበጥር አንዲት ነጥብ ተገኘች። ያለቦታዋ የተቀመጠች ተራ ነጥብ። በእሷ ምክንያት አንድ የመፈተሻ ኮድ ሁልጊዜ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ደግሞ አንድ የደህንነት ጥበቃ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። የሚያያት ሰው የትየባ ስህተት ይላታል። ያስቀመጣት ሰውስ በማን ተማምኖ ነው? በእኛ ነዋ። እንዲህ ያለ እምነት የሚጣልበት ሕዝብ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚሠሩት ሰዎችም ለይቶላቸዋል። ሰው ደጋግሞ የሚሳሳታቸውን ቃላት ከነእርማታቸው ዘርዝረው የያዙበት ፋይል አላቸው፤ አዲስ የሚላክ ኮድ በእሱ ይፈተሻል። ፊደል የሚያስጨንቀው ከርነል!

ከሁሉም የባሰው ግን ዶናልድ ክኑዝ ነው። እኚህ አንጋፋ የኮምፒውተር ሳይንቲስት መጽሐፋቸው ውስጥ ስህተት ላገኘ ለእያንዳንዷ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ሲከፍሉ ኖረዋል። በ16 መሠረት በሚቆጥረው በሄክሳዴሲማል 256 «100» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ 256 ሳንቲም አንድ ዶላር ነው ይላሉ። የተሸለመው ሰው ደግሞ ቼኩን ባንክ አይወስደውም፤ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ከ2008 ወዲህ እውነተኛ ቼክ መላክ ትተው በምናባዊ ባንክ ስም የምስክር ወረቀት ይልካሉ፤ ሰዎች ያንንም ይሰቅሉታል። የእኛ ግድግዳ ባዶ ነው። ንጹሕ ነው። ለዓይን አይከብድም።

በቅርቡ ኮምፒውተር ቀየርኩ። ያን ፕሮግራም እንደገና ፈለግኩት። «እንዳትረሳ» የሚለው ፋይል አሮጌው ላይ ቀርቷል፣ አሮጌው ደግሞ አይነሳም። መመሪያውን ከፈትኩ። ኮፒ፣ ፔስት፣ ኢንተር። አላውቃትም አለኝ። ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ።

ይሄኛው እንኳ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው። ልምድ አለኛ። ያቺ ረጅም ሰረዝ እዚያው ተጋድማ ጠበቀችኝ፣ እኔ ትቻት እንደሄድኩት። ከእኔ በኋላ ስንት ጀግና እንዳለፈባት ሳስብ ልቤ ሞላ። የእርሳስ ምልክቷ ላይ ማውሱን አሳረፍኩት። ምን እንዳስተካከልኩ የሚናገረውን አንድ መስመር ምን ብዬ እንደምጽፈው ትንሽ አሰብኩ። በእንግሊዝኛ እኮ ነው። ከተሳሳትኩስ?

ገጹን ዘጋሁት። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ «በጭራሽ እንዳትረሳ» የሚል ፋይል ከፈትኩና ትዕዛዟን በጥንቃቄ ጻፍኳት። በሁለት አጫጭር ሰረዝ።