ማስተካከያ፦ ከፈረሰ ቤት የወጣ አርማታ ለኮለን (ለቤት ምሰሶ) ይሆናል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ «የፈረሰ ቤት አርማታ ተፈጭቶ እንደ አዲስ ጠጠር ለኮለንም ለሶሌታም (ለፎቅ ወለል አርማታም) ይሆናል» የሚል መረጃ ሲዘዋወር ነበር። እንዲህ በደፈናው ትክክል አይደለም። የተፈጨው ጠጠር ላይ የድሮው ሲሚንቶና አሸዋ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ግራጫ ቅርፊት አለው፣ እሱ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል፣ ስለዚህ በተለመደው ልክ ስታቦኩት ወይ ቶሎ ይደርቅባችኋል ወይ ውሃ ጨምራችሁ ጥንካሬውን ትገድሉታላችሁ። ያለ ላብራቶሪ ፍተሻና ያለ መሐንዲስ ለኮለን እንዳትሞክሩት፣ የሰው ሕይወት ነው! ለወለል ሙሌትና ለመንገድ ሥር ንጣፍ ግን ግሩም ነው። ፌሮው (በውስጡ ያለው ብረት) ይውጣ፣ ጂብሰሙና እንጨቱ ይለቀም። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ከሆነማ መፍጨት ምን አስፈለገ? ጭቃው ተራግፎ ድንጋዩ እንዳለ ለግንብ ይመለሳል።